ሌፕቲን በጨቅላና ባደገች አይጥ

የመብላት ትእዛዝ የሚወጣው ከሆድ ብቻ ሳይሆን ከአንጎልም ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን በአይጥ ላይ አገኙ። ሆርሞኑ ከሰውነት ስብ ወጥቶ በደም አማካይነት አንጎል ሲደርስ ያደገችውን አይጥ «በቃሽ» ይላታል።

የሚገርመው የጨቅላዋ ነገር ነው። በተወለደች በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሌፕቲን በደሟ እጅግ ቢጨምርም መጥባቷን አትቀንስም። በ2004 እ.ኤ.አ. እንደታወቀው፣ ሆርሞኑ በዚህ ዕድሜ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ኋላ ረሃብንና ጥጋብን የሚቆጣጠሩትን የነርቭ መስመሮች ይዘረጋል። አይጥ ሰው ባትሆንም ነገሩ ለወላጅ ያስገርማል። ሌፕቲን በሌላቸው አይጦች መስመሩ ሳስቶ ተገኝቷል። በጨቅላነታቸው ሆርሞኑ ሲሰጣቸው መስመሩ ተስተካከለ፤ ካደጉ በኋላ ሲሰጣቸው ግን አልተመለሰም።