ለሳምንት የሚሠራ ወጥ፦ የኮሶዬ ብርድ ፍሪጅ ይሆናል ወይ?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ጠያቂዋ ኮሶዬ የምታስተምር መምህርት ናት። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦ «ዶክተር፣ ባለቤቴ የሚሠራው ጎንደር ስለሆነ የሚመጣው ለቅዳሜና እሑድ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ይመሻል። የ1 ዓመት ከ4 ወር ልጅ አለችኝ፣ አሁን ደግሞ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ስለዚህ እሑድ እሑድ የሳምንቱን ወጥ ባንዴ መሥራት ጀምሬያለሁ። በቅርቡ ከላይ ፍሪዘር ያላት ትንሽ ፍሪጅ ገዝተናል። አማቴ ግን "በኮሶዬ ብርድ ወጥ ምን ይሆናል? ድስቱን ከድኖ ማሳደር ነው፣ ጠዋት ማታ ታፈይዋለሽ፤ ፍሪጅ ጣዕሙን ያጠፋዋል" ይሉኛል። ማናችን ነን ትክክል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ እሑድ ሠርቶ ማስቀመጥሽን አትተዪው። ደክሞሽ ገብተሽ በየማታው ሽንኩርት ከምታቁላዪ፣ ተሠርቶ የተቀመጠ ጥሩ ምግብ ላንቺም ለልጅሽም ይሻላል። አማትሽም ብርድ ምግብን ያቆያል ማለታቸው መሠረት አለው። ችግሩ ብርዱ ደጅ ነው ያለው፤ ወጡ ያለው ደግሞ ክዳን በተደፋበት ትልቅ ድስት ውስጥ ነው። ሁለቱ አልተገናኙም።

ይህን በደንብ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ብዙዎቻችን ወጥ የሚበላሸው «ሲቆይ» ይመስለናል። ስንት ቀን ሆነው ብለን እንጠይቃለን። እኔ ግን ከቀኑ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ከምድጃው ከወረደ በኋላ እስኪበርድ ስንት ሰዓት ፈጀበት?

ሥጋም ሆነ ጥራጥሬ፣ በርበሬም ሆነ ሌላ ቅመም ከአፈር የመጣ የባክቴሪያ ዘር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይህ ዘር በሳይንሱ «ስፖር» ይባላል፤ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ የተኛ ባክቴሪያ ማለት ነው። ወጥ ስናፈላ ሕያዋኑ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ ስፖሮቹ ግን አይሞቱም። የሚፈላ ውኃ 100 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ደጋ ላይ ደግሞ ውኃ 100 ሳይደርስ ነው የሚፈላው፤ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ 90 ወይም 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላውና ሽምብራው እናንተ ጋ አልበስል እያለ ማገዶ የሚፈጀው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ድስቱ ወረደ እንበል። ወጡ ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ የተኙት ስፖሮች ይነቃሉ። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው በተለይ ትልቅ ድስት የሥጋ ወጥ ይወዳል፤ አየር የማይደርስበት ወፍራም መረቅ ነውና። ከ43 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ሙቀት ውስጥ በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ መሆን ይችላል። ሂሳቡን እስቲ ሥሩት፦ 1 የነበረው በ1 ሰዓት 64 ይሆናል፣ በ3 ሰዓት ከ260 ሺህ ያልፋል። የጎንደር ሰው የዓውደ ዓመት ድስት ስንት ሊትር እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ወፍራም ወጥ ተከድኖ፣ ምድጃው ሳይጠፋ አጠገቡ ከተቀመጠ፣ ደጅ ውርጭ ቢጥል እንኳ መሀሉ ሌሊቱን ለብ ብሎ ሊያድር ይችላል። ጠዋት ዳሩን በጣትሽ ስትነኪው ቀዝቃዛ ነው፤ መሀሉ ግን ሌሊቱን የባክቴሪያ መፈልፈያ ሆኖ አድሯል።

ደግሞ አይሸትም። ይህን አስምሩበት። በአንድ ወቅት ከዚያው ከደባርቅ መስመር አንድ ቤተሰብ ሌሊት መጥተውብኝ ነበር፤ አራቱም ሆዳቸውን ቁርጠት ይዟቸው፣ ተቅማጡ አላቆም ብሎ። የዋዜማውን ወጥ በማግስቱ ምሳ ላይ ለብ አድርገው በልተዋል። «ዶክተር፣ ምንም አልሸተተም፣ እንዲያውም ጥፍጥ ያለ ነበር» አሉኝ። አምናቸዋለሁ። ምግብን የሚያሸቱትና የሚያሻግቱት ባክቴሪያዎች ሌሎች ናቸው፤ ሰውን የሚያሳምሙት ብዙውን ጊዜ ሽታም ጣዕምም አይለውጡም። አራቱም ደኅና ሆነው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ በጣም የፈራሁት ግን ለአያትየው ነበር፤ ሽማግሌና ሕፃን ፈሳሽ ሲያልቅበት ጊዜ አይሰጥም።

አሁን ወደ «ጠዋት ማታ ማፍላት» ልምጣ። የእናቶቻችን ዘዴ ነው፤ ፍሪጅ በሌለበት ቤት ከምንም ይሻላል። በደንብ ተማስሎ ከመሀሉ ጭምር ከተንተከተከ የፐርፍሪንጀንስን ሕያዋን ይገድላል። ሁለት ነገር ግን አይገድልም። አንደኛ ስፖሮቹን፤ እንደገና ሲበርድ እንደገና ይነቃሉ። ሁለተኛ አንዳንድ ባክቴሪያ ምግቡ ላይ የሚተፋውን መርዝ። በእጃችንና በአፍንጫችን የሚኖረው ስታፊሎኮከስ፣ እንዲሁም ሩዝና ፓስታ የሚወደው ባሲለስ ሴሪየስ የሚያወጡት መርዝ ቢፈላም አይጠፋም። በቀመስንበት ማንኪያ መልሰን ማማሰል መጥፎ የሆነው ለዚሁ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ረመጥ ዳር ለብ ብሎ የሚውል ወጥ ነው። ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ይሁን፣ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ፤ መሀሉ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ።

ታዲያ የኮሶዬን ብርድ እንዴት እንጠቀምበት? ወጡን በማሳሳት። ወፍራም ምግብ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የሚበርድበት ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። በግልባጩ፣ ከ10 ሳንቲ ሜትር ወደ 5 ስታሳንሺው ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ወጡ እንደወረደ ሰፋ ባለ ትሪ ወይም ዝርግ ዕቃ ላይ ከ5 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት አፍስሺው። ወይም ድስቱን ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ አድርገሽ አስቀምጪና አማስዪው፤ ውኃው ሲሞቅ ቀይሪው። የእናንተ ውኃ ደግሞ እንደምታውቂው እጅ ይቆርጣል፤ ቆላ ያለ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ካማሰልሽው በኋላ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለሽ ፍሪጅ ውስጥ ክተቺ። «ፍጹም ሳይበርድ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም» የሚባለውን እርሺው። ሙሉ ድስት እያጨሰ አይግባ እንጂ፣ ትንሽ ዕቃ ላይ ያለ ለብ ያለ ወጥ ቢገባ ፍሪጅሽ ምንም አይሆንም። ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ከማዋል በጣም ይሻላል።

ከዚያ መክፈል ነው። ሰኞና ማክሰኞ የሚበላው ከታች ፍሪጁ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፍሪጅ ውስጥ የበሰለ ምግብ 3፣ ቢበዛ 4 ቀን ነው። ከረቡዕ ወዲያ ያለው እዚያው እሑድ ማታ ፍሪዘር ይግባ። ሐሙስ «ሊበላሽብኝ ነው» ብሎ ወደ ላይ ማውጣት ጥቅም የለውም፤ ፍሪዘር ባክቴሪያን አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። የገባውን ያህል ይዞ ያቆይሻል። በየዕቃው አንድ ማዕድ ብቻ አድርጊ፤ አንዴ የቀለጠ ተመልሶ እንዳይረጋ። ሲረጋ ስለሚያብጥ እስከ አፉ አትሙዪው። ፕላስተር ለጥፈሽ ስሙንና ቀኑን ጻፊበት፤ ከረጋ በኋላ ምስርና ቀይ ወጥ መለየት ለማንም ከባድ ነው።

ለእኛ አገር ቤት ከሁሉ አዋጭ የሆነው ግን የተሠራ ወጥ ሳይሆን ቁሌት ማስቀመጥ ነው እላለሁ። ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን በዘይት ብቻ አብስዪና ያለ ቅቤ አርጊው። ረቡዕና ዓርብ ምስር ወይም ሽሮ ትጨምሪበታለሽ፣ በፍስኩ ቀን ሥጋና ንጥር ቅቤ። አንድ ቁሌት ለጾሙም ለፍስኩም ሆነ ማለት ነው። ጊዜ የሚፈጀው ቁሌቱ ነው፤ ምስር ክክ ለመብሰል ብዙ አይፈጅም። ምስር፣ ክክ፣ ቀይ ወጥ፣ ዶሮ ወጥ ሲረጉ ጣዕማቸው ብዙም አይለወጥም። ዕንቁላሉን ግን አውጪው፣ ነጩ ክፍል እንደ ላስቲክ ይሆናል። ድንችም አይወድም፤ ሲቀልጥ ውኃ ያዝላል። አማትሽ ጣዕም ያጠፋል ያሉት የድንች ወጥ ቀምሰው ከሆነ እውነታቸውን ነው። እንጀራም በላስቲክ ተጠቅልሎ ይረጋል፤ ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ወጡንም እንጀራውንም እንዲህ እያደረጉ ነው ዓመቱን የሚገፉት።

ነጭ ሽንኩርት ከተነሣ አይቀር አንድ ማስጠንቀቂያ። በወገራና በዳባት በኩል ነጭ ሽንኩርት እንደልብ ነውና ፈጭቶ በዘይት አድርጎ ጠርሙስ ውስጥ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አለ። ይህን አታድርጉ። ዘይት አየር ይከለክላል፤ አየር በሌለበት ደግሞ ቦቱሊዝም የሚባለውን ሽባ የሚያደርግ መርዝ የሚያወጣው ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ ከ4 ቀን አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ በበረዶ መሥሪያው ትሪ እያደረጋችሁ አርጉት። አንድ ጉርድ ለአንድ ወጥ ይበቃል።

መብራት ሲጠፋስ? ፍሪጁ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ራሱን የቻለ ፍሪዘር ሙሉ ከሆነ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ያንቺ ዓይነቷ ትንሿ የላይ ክፍል ግን ይህን ያህል አትታመንም። ባዶ ቦታዋን ውኃ በሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙዪው (ለሚያብጠው ትንሽ ቦታ ትተሽ)፤ በረዶው ራሱ ሌላውን ያቀዘቅዛል። ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውኃ አርጊና በላዩ ሳንቲም አስቀምጪ። ጎንደር ሄደሽ ስትመለሺ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ደኅና ነው። ከሥር ሰምጦ ካገኘሽው፣ አንቺ በሌለሽበት መብራት ጠፍቶ ሁሉም ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው፤ ያን ምግብ ድፊው። ያሳዝናል፣ ግን ድፊው። የበረዶ ቅንጣት እንዳለበት ከደረስሽበት መልሶ ማርጋት ይቻላል።

ስታሞቂ ከፍሪዘር አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ አታውዪው። ወይ ከዋዜማው ታች ፍሪጁ ውስጥ ይቅለጥ፣ ወይ በቀጥታ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርገሽ በትንሽ እሳት አቅልጪው። ከዚያ መሀሉ እስኪንተከተክ አማስዪ። ለብ ማድረግ ማሞቅ አይባልም። አንዴ የሞቀ ተመልሶ አይቀመጥም። ለልጅሽ በርበሬና ጨው ሳይገባ ቀድመሽ ቀንሺላት፤ በልታ የተረፋትንም አትመልሺው፣ ምራቋ ነክቶታል። ላንቺ ደግሞ በእርግዝናሽ ምክንያት በተለይ እላለሁ፦ ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ያድጋል፣ ነፍሰ ጡርን ለውርጃ ያጋልጣል። ከፍሪጅ ያወጣሽውን የበሰለ ምግብ ቀዝቃዛውን አትብዪ፤ አፍልተሽ ብዪ።

ኮሶዬ ስል ኮሶ ትዝ አለኝ፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ላንሣው። ጥሬ ሥጋ ከ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች 10 ቀን ከረጋ በውስጡ ያለው የኮሶ ትል ዕጭ ይሞታል። እውነት ነው። ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ግን አይሞቱም፤ ስለዚህ «አርግቼዋለሁ» ብላ ነፍሰ ጡር ሴት ክትፎ እንዳትበላ።

ፍሪጅ ለሌላችሁ ምክሬ አጭር ነው። እርጥቡን ለዕለቱ ብቻ ሥሩ፤ አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት ደረቁን ይሁን። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ ንጥር ቅቤ፤ እነዚህን የሚያቆያቸው ውኃ ማጣታቸው ነው። እርጥበት እንዳይነካቸው ብቻ ተጠንቀቁ፤ የሻገተ ድርቆሽ ይጣላል እንጂ ተፍቆ አይበላም።

ከበላችሁ በኋላ ቢያማችሁስ? ትውከቱ በሰዓታት ውስጥ ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ከመርዙ ነው፤ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ቁርጠትና ተቅማጥ ከመጣ እንደ ፐርፍሪንጀንስ ያለው ነው። አብዛኛው በ1 ቀን ይተዋል። ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ ጠጡ፤ አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ። ነገር ግን ሰገራው ደም ካለው፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ፣ የጠጡት ሁሉ ከተመለሰ፣ ሕፃኑ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ፣ ነፍሰ ጡር ትኩሳት ከያዛት፣ ወይም ማንኛውም ሰው ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው፣ የዓይኑ ቆብ ከወደቀና መዋጥ ካቃተው፣ ሊነጋ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያው ሌሊት በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የበላችሁትንና የበላችሁበትን ሰዓት ንገሯቸው።