ስለ ድረ ገጽ ቦታና ስለ ማዘጋጃው ፕሮግራም

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከጎንደር አድባራት የመጡ ናቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ወደ ለንደን ተወሰዱ፤ ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ከእነዚህ አያሌዎቹን ፎቶግራፍ አንሥቶ በድረ ገጹ ላይ አኖረ፤ በዚህም ምክንያት የጎንደር ሰው ባሕር ሳይሻገር የአባቶቹን ጽሕፈት ለማየት ቻለ። ነገር ግን በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወንበዴዎች በኢንተርኔት በኩል የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒዩተሮች ሰብረው ገቡ፤ ድረ ገጹም ተቋረጠ፤ ፎቶግራፎቹም ለብዙ ወራት ሳይታዩ ቀሩ። ብራናዎቹ ግን በመደርደሪያቸው ስለ ነበሩ የተቋረጠውን ቀስ በቀስ መመለስ ተጀመረ።

ከዚህ ነገር የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ በኢንተርኔት የሚታየው ጽሑፍ ግልባጭ ነው፤ ዋናው በባለቤቱ ቤት ሊጠበቅ ይገባዋል። ያሁ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጂኦሲቲስ በሚባለው አገልግሎቱ ለሰው ሁሉ በነጻ የድረ ገጽ ቦታ ይሰጥ ነበር፤ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ግን በአሜሪካ ዘጋው። በሌላ ስፍራ ግልባጭ ያላስቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ የደከመበትን ሥራ ለማጣት ተዳረገ።

1ኛ፤ የድረ ገጽ ቦታ ምንድን ነው?

በጃናሞራ ወረዳ ከተማ በመካነ ብርሃን የሚያስተምር አንድ መምህር ከሽማግሌዎች የሰማውን የአገሩን ታሪክ በኮምፒዩተሩ ጻፈ እንበል። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ኮምፒዩተር ውጭ ለማንም አይታይም። መብራት ሲጠፋ ወይም መምህሩ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጽሑፉም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ቀንና ሌሊት በማይዘጋ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ግልባጩን ማኖር ያስፈልጋል። ይህ ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል፤ በእርሱ ላይ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ትምህርት ቤት ተከፍሎ የሚሰጠው ክፍል የድረ ገጽ ቦታ ነው። ቦታው የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዓመት ኪራይ ነው፤ ኪራዩ ካልተከፈለ ቦታው ይዘጋል።

2ኛ፤ ከአከራዩ የሚቀበሉት

ቦታው በተያዘ ጊዜ አከራዩ አምስት ነገር ይሰጣል፤ ይኸውም የሰርቨሩ አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ የመገናኛው ዓይነትና ጽሑፉ የሚገባበት የፎልደር ስም ነው። ከመገናኛዎቹ አሮጌው ኤፍቲፒ ይባላል፤ የሚገባውም በ21 ቁጥር በር ነው። ኤፍቲፒ ብቻውን ሲሆን የይለፍ ቃሉን በግልጥ ስለሚያሳልፍ፣ ሳይታሸግ በመንገደኛ እጅ እንደሚላክ ደብዳቤ ነው። ኤስኤፍቲፒ የተባለው ግን ሁሉን አሽጎ በ22 ቁጥር በር ያሳልፋል፤ አከራዩ ከፈቀደ ይህን መምረጥ ይበልጣል።

3ኛ፤ ፕሮግራሙን ስለ ማሰናዳት

ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች ፋይልዚላ በነጻ የሚገኝ ሲሆን ሥራው ፋይሎችን ማመላለስ ነው፤ ድሪምዊቨር ግን በክፍያ የሚገኝ ሆኖ ገጹን ለማረምም ለመላክም ያገለግላል። የአሰናዳዱ ሥርዓት በሁለቱም ተቀራራቢ ነው።

በመጀመሪያ በመምህሩ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ፎልደር ከፍቶ የድረ ገጹን ጽሑፍና ሥዕል ሁሉ በእርሱ ውስጥ መሰብሰብ ነው። የፋይሎቹ ስም በትንንሹ የላቲን ፊደል ያለ ክፍተት ቢጻፍ ከብዙ ስሕተት ያድናል፤ የመጀመሪያው ገጽ ስም ግን በአብዛኛው ሰርቨር ዘንድ ኢንዴክስ ሊሆን ይገባል። ሁለተኛ፣ ከአከራዩ የተገኘውን በየቦታው ሞልቶ ይህ የቤቱ ፎልደር፣ ያ የሰርቨሩ ፎልደር መሆኑን ለፕሮግራሙ ማስታወቅ ነው። ሦስተኛ፣ ምንም ሳይልኩ ግንኙነቱን መሞከር ነው። በኤስኤፍቲፒ ሲገናኙ ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ጊዜ የሰርቨሩን መለያ አሳይቶ ይታመን እንደሆነ ይጠይቃል፤ አከራዩ ከሰጠው መለያ ጋር አስተያይቶ መፍቀድ ነው።

ከዚህ በኋላ መላክ ይቻላል፤ ነገር ግን አቅጣጫውን ማስተዋል ያስፈልጋል። ከቤት ወደ ሰርቨር መላክ አንድ ነገር ነው፤ ከሰርቨር ወደ ቤት ማምጣት ሌላ ነገር ነው። መምህሩ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያርም ከርሞ ለመላክ ሲያስብ በስሕተት ቢያመጣ፣ አሮጌው ገጽ በአዲሱ ላይ ተጽፎ የሳምንቱ ድካም ይጠፋል። ፕሮግራሙ ይተካ እንደሆነ ሲጠይቅ ቀኑንና ሰዓቱን ሳያነቡ መፍቀድ አይገባም።

4ኛ፤ ስለ ፊደላችንና ስለ ፎቶግራፍ

የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው። ገጹ ሲቀመጥ ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ መሆኑን፣ ይህም በገጹ ራስጌ መታወቁን መመልከት ይገባል፤ አለዚያ አማርኛው በአንባቢው ዘንድ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል። በዚህ አጻጻፍ አንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ 2,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ 6,000 ባይት ያህል ነው፤ 3,000,000 ባይት የሆነ አንድ ፎቶግራፍ ግን የእንደዚህ ያለውን ጽሑፍ 500 እጥፍ ይከብዳል። ግንኙነት በሚደክምበት በደጋው አገር ፎቶግራፉን አሳንሶ መላክ ለላኪውም ለአንባቢውም ይጠቅማል።

5ኛ፤ ስለ አጠባበቅ

መምህር ይዛወራል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ይቀራል። የይለፍ ቃሉን አንድ ሰው ብቻ የያዘው እንደሆነ በእርሱ መሄድ ድረ ገጹ ቁልፉ እንደ ጠፋ ቤት ይሆናል። ስለዚህ ርእሰ መምህሩና አንድ ሌላ ታማኝ ሰው ሊያውቁት፣ የኪራዩም ቀን በመዝገብ ሊጻፍ ይገባል። የቤቱ ፎልደር ደግሞ ለብቻው በሚቀመጥ በሌላ ዕቃ ላይ ይገልበጥ። ታሪኩ ከመላኩ በፊት የነገሩት ሽማግሌዎች ይስሙት፤ አንድ ጊዜ ለዓለም የተገለጠ ቃል ቢሰርዙትም ሌላ ሰው ቀድቶት ሊገኝ ይችላልና። የሕፃናት ስምና ፎቶግራፍም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይውጣ።

እንዲህ ተጠብቆ የተላከ ጽሑፍ ሰርቨሩ ቢሰበር ወይም አከራዩ ቢዘጋው በማግሥቱ ከቤት ተነሥቶ በሌላ ቦታ ሊቆም ይችላል።

ጥያቄ

1. የመምህሩ ኮምፒዩተር ብቻውን ለድረ ገጽ የማይበቃው ስለ ምንድን ነው?
2. አከራዩ የሚሰጣቸው አምስት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
3. በመላክና በማምጣት መካከል ያለው ልዩነት ምን ጥፋት ሊያመጣ ይችላል?
4. የትምህርት ቤታችሁ ታሪክ ዋናው ጽሑፍ ዛሬ የት ይገኛል? ግልባጩስ?