የመጸው ቅጠል በሸራ ላይ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የረገፉ የሜፕል ቅጠሎችን ሸራ ላይ ለጥፌ በአክሪሊክ ሥዕል ሠራሁ። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሎቹ ተጨማደዱ፤ ቀዩም ቡናማ ሆነ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የተጨማደዱት እርጥበታቸው ሳያልቅ ስለተለጠፉ ሳይሆን አይቀርም። ቅጠሉን በለቀሙበት ዕለት በጋዜጣ መካከል ዘርግተው ከባድ መጽሐፍ ይጫኑበት። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣውን ይቀይሩለት፣ የረጠበ ወረቀት ሻጋታ ያመጣልና። ሲለጥፉ የአክሪሊክ ሚዲየም ከሥርም ከላይም በስሱ ይቀቡ። በለስላሳ ብሩሽ ከመሃሉ ጅማት ወደ ጠርዝ ሲገፉ ከሥር የቀረው አየር ይወጣል። ጠርዙን በተለይ ይጠንቀቁ፤ ቅጠሉ መላቀቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቀለሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሜፕልን ቅጠል የሚያቀላው አንቶሳያኒን ብርሃን አይችልም። ከፀሐይ የራቀ ግድግዳና ቫርኒሽ ዕድሜውን ቢያራዝሙት እንጂ መደብዘዙን አያስቀሩትም። ስለዚህ ቀዩን ከቅጠሉ አይጠብቁ፤ ራስዎ ይፍጠሩት። ጅማቶቹ ጎልተው የሚታዩበትን የቅጠሉን ጀርባ ቀይ አክሪሊክ ቀብተው ስስ ወረቀት ላይ ያትሙ። ወይም ወረቀቱን ከላይ አድርገው ቀይ እርሳስ ያሹበት፤ ጀርመናዊው ሠዓሊ ማክስ ኤርንስት በ1925 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፍሮታዥ የተባለው ዘዴ ይኸው ነው። ህትመቱን በእጅ ቀድደው ከእውነተኛው ቅጠል አጠገብ ይለጥፉት። አንዱ እየጠቆረ ሌላው እንደቀላ ሲቆይ፣ ለእኔ፣ ሥዕሉ ይበልጥ ያምራል።

ቀለም ሲገዙ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ብርሃን የመቋቋም ደረጃ ያንብቡ፤ በፋብሪካ ከተሠሩት ቀዮች መካከልም ቶሎ የሚደበዝዙ አሉ።