ትልቁን ሥራ በየተራው ስለ መክፈል

በየወረዳው የግብርናን ሥራ ለምትመሩ ሹማምንት ዛሬ የምናቀርበው ትምህርት ስለ ምርጥ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም፤ ስለ ሥራ አከፋፈል ነው። ለምሳሌ የወሰድነውም በአዲስ አበባ፥ በአዲስ ከተማ የሚገኘውን መርካቶን ነው፤ ከየክልሉ የሚጫነው እህል ብዙ ጊዜ የሚራገፈው ከዚያ ነውና።

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማውን ይዘው በቆዩበት ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ መርካቶ መባሉም ቃሉ በቋንቋቸው ገበያ ማለት ስለ ሆነ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ስፍራ በአንድ ሰው ቃል ሊመራ አይችልም። ስለዚህ ሸማው በሸማ ተራ፥ ቅመሙ በቅመም ተራ፥ ቆርቆሮው በቆርቆሮ ተራ፥ እህሉ በእህል በረንዳ፥ በርበሬው በበርበሬ በረንዳ ይሸጣል። አሮጌ ጎማና የተጣለ ብረት እንኳ ምናለሽ ተራ የሚባል የራሱ ስፍራ አለው። በአማርኛችን ተራ ማለት የቦታ ረድፍም የጊዜ ፈንታም መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሥራም የሚከፈለው በእነዚሁ በሁለቱ ነው።

ወደ እህል በረንዳ እንመለስ። የጤፍ ጭነት ሲደርስ ገዢው ከጆንያው ጥቂት ዘግኖ በመዳፉ ላይ ዘርግቶ ያያል፤ ማኛውን፥ ነጩን፥ ሠርገኛውን፥ ቀዩን ይለያል። አፈር ወይም ጠጠር ካየ ዋጋውን ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ መዛኙ ይመዝናል፥ ተሸካሚው ይሸከማል፤ ሁሉም በየፈንታው ነው። ነገር ግን ገዢው በመዳፉ ያየው አፈር መርካቶ ላይ የገባ አይደለም፤ እበት በደንብ ሳይለቀለቅ በቀረ አውድማ ላይ ገብቶ አብሮ የመጣ ነው። የዓመት ድካም ዋጋው የሚቀነሰው በአንድ አፍታ ሲሆን፥ ጥፋቱ የተሠራው ግን ከብዙ ቀን በፊት ነው።

እንግዲህ ከበላይ መሥሪያ ቤት «የምርት ብክነት ይወገድ» የሚል ደብዳቤ ቢደርስ ምን ይደረጋል? እንዲህ ያለው ቃል ምኞት እንጂ ሥራ አይደለም፤ ነገ ጧት ተነሥቶ ብክነትን ማስወገድ የሚችል ሰው የለምና። አውድማ መለቅለቅ ግን የሚችል አለ፤ ጆንያ ማራገፍና ማጠብ የሚችል አለ። ሹሙ የደብዳቤውን ቃል ቃል በቃል ለቀበሌ ከማስተላለፍ ይልቅ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊፈጽመው እስኪችል ድረስ ይከፋፍለው።

አርባ ገበሬዎች እያንዳንዳቸው 5 ኩንታል ጤፍ ለመርካቶ ሊያቀርቡ አሰቡ እንበል። ድምሩ 200 ኩንታል ነው፤ ሁለት መቶ ሲባልም ያስፈራል። ነገር ግን አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ያህል ቢጭን ሥራው አራት ጭነት፥ እያንዳንዱም ጭነት የዐሥር ገበሬዎች ፈንታ ይሆናል። ሹሙ አርባውን ትቶ ስለ ዐሥሩ ያስብ፤ ቀኑንም ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይቍጠር። ለቅዳሜ ገበያ መኪናው ዐርብ ማታ መድረስ ካለበት ሐሙስ ይጫናል፤ እንግዲያስ ረቡዕ ተመዝኖ ይሰፋል፤ ማክሰኞ ይበጠራል፤ ሰኞ እንደ ገዢው በመዳፍ ተዘርግቶ ይመረመራል። ከሰኞ በፊት ያለው የአውድማው ሥራ ነው፤ እርሱም በበሬ የሚወቃ ስለ ሆነና የታኅሣሥ ያልታሰበ ዝናብ ስለሚያሰጋ ሰፊ ቀን ይተውለት።

ይህ ክፍፍል ለሁሉም እህል አንድ አይደለም። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ የሚያጠፋው አፈርና ዝናብ ነው። በቆሎ ግን ሳይደርቅ ከተከተተ ሻጋታና ነቀዝ ይበላዋል፤ ስለዚህ ከመፈልፈልና ከመክተት መካከል አንድ ተራ ይጨመርለታል። ይኸውም በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎ ከደረቅ ጨው ጋር ጨምሮ፥ ከድኖ መነቅነቅና ለሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከመቶ 15 በላይ ነውና እንደ ገና ፀሐይ ላይ ይሰጣ። መሣሪያ ለሌለው ወረዳ ይህ ፈተና ይበቃል።

በየጆንያው ላይ ቍጥር ይጻፍ፤ ይህን የሚንቁ ብዙዎች ናቸው፥ ነገር ግን ያለ ቍጥር የመጀመሪያው ጭነት ለሁለተኛው ምንም አያስተምርም። ሻጩ ከመርካቶ ሲመለስ የትኛው ቍጥር ዋጋው እንደ ተቀነሰና በምን ምክንያት እንደ ሆነ ያስመዝግብ። ሰባተኛው ጆንያ አፈር ተገኝቶበት እንደ ሆነ ሹሙ ወደ ባለቤቱ አውድማ ሄዶ ይመልከት። የቀሩት ሠላሳ ገበሬዎች ጤፍ ገና በደንብ እንደ ተከመረ ከሆነ፥ ውቂያው ሳይጀመር አውድማቸው እንደ ገና እበት ይለቅለቅና ይድረቅ።