ምክንያትንና ውጤትን የሚገልጽ አንቀጽ

አንድ ድርጊት ሌላውን እንዴት እንዳስከተለ የሚያስረዳ አንቀጽ ስንጽፍ፣ ሐሳቦቹን በአያያዥ ቃላት እናስተሳስራለን። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቦስተን አውራ ጎዳና

በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ መካከል፣ በምሰሶዎች ላይ የተዘረጋ ባለስድስት መስመር አውራ ጎዳና በ1959 ተከፈተ። መንገዱ የታቀደው በቀን ለ75 ሺህ ያህል ተሽከርካሪዎች ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ቁጥሩ 200 ሺህ ያህል ደረሰ። ከዚህም የተነሣ መኪኖች በየቀኑ ለብዙ ሰዓታት ይጨናነቁ ነበር። መጨናነቁ ከዓመት ወደ ዓመት እየባሰ በመሄዱ፣ መንገዱ በምድር ውስጥ ዋሻ እንዲተካ አስቀድሞ ታቅዶ ነበር። በ1987 ፕሬዚዳንት ሬጋን የገንዘብ ድጋፉን ባይቀበሉትም፣ ኮንግረሱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጸደቀው። ሥራው በ1991 ተጀመረ። ሆኖም ዋሻው ሲቆፈር ከላይ ያለው አሮጌ መንገድ አገልግሎቱን ማቋረጥ ስላልነበረበት ሥራው እጅግ ተወሳሰበ። ስለዚህ በ1982 ዋጋ 2.8 ቢሊዮን ዶላር የተገመተው ወጪ፣ የዋጋ ንረትም ታክሎበት፣ ከ14 ቢሊዮን አለፈ። የፌዴራሉ መንግሥት ድርሻ የተገደበ በመሆኑ ጭማሪው በማሳቹሴትስ ግዛት ላይ ወደቀ፤ ግዛቲቱም በብድር ሸፈነችው። ዛሬ በምሰሶዎቹ ስፍራ መናፈሻ ይገኛል፤ ዕዳው ግን ከሥራው ፍጻሜ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሲከፈል ኖሯል።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ ውስጥ ምክንያትን ከውጤት ያያያዙትን ቃላት አውጥታችሁ ጻፉ።
ለ. ወጪው ከግምቱ በላይ የሆነባቸውን ሁለት ምክንያቶች ግለጹ።
ሐ. በአካባቢያችሁ መታደስ የሚገባውን መንገድ ምረጡ፤ ወጪውን ማን፣ ከየትና እስከ መቼ እንደሚከፍል የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉ።