እሮሮና አቤቱታ፦ በውድድር ዘመን መክፈቻ የሰሜን ወሎ እግር ኳስ ደጋፊ ቅሬታ ለማን ይደርሳል?

የሰሜን ወሎ እግር ኳስ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው፣ ኅዳር 24 ቀን 2010 ዓ.ም. በወልድያ ከተማና በመቐለ ከተማ መካከል ሊካሄድ የነበረው ጨዋታ በግጭት ምክንያት ሳይከናወን መቅረቱና በግጭቱ የሰው ሕይወት መጥፋቱ ነው። ያ ክስተት ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል። በእርሱ ጥላ የተሸፈነ፣ በየዓመቱ የሚመላለስ ሌላ ሰላማዊ ጉዳይም አለ፤ ይኸውም ቡድኑ ውድድሩን በሽንፈት ሲጀምር ደጋፊው በአሠልጣኙና በክለቡ አመራር ላይ የሚያሰማው ምሬት ነው። ይህ ጽሑፍ የምሬቱ ፋይዳ የሚለካው ሰሚ በማግኘቱና በማጣቱ እንደሆነ ይከራከራል።

አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሥራው፣ አንድ ድርጅት ሲዳከም ተጠቃሚዎቹ ወይ ጥለውት እንደሚሄዱ ወይ ድምፃቸውን እንደሚያሰሙ፣ ታማኝነት ደግሞ መሄዱን እንደሚያዘገየው አመልክቷል። ለእግር ኳስ ደጋፊ የመጀመሪያው በር ዝግ ነው ማለት ይቻላል፤ በአምስት ጨዋታ ሽንፈት ቡድኑን የሚቀይር ሰው ደጋፊ አይባልም። የሚቀረው ድምፅ ነው። አማርኛ ደግሞ ይህን ድምፅ በሁለት ስም ይለየዋል። አቤት የሚባለው ለሚሰማ፣ ለመፍረድም ሥልጣን ላለው ሰው ነው፤ እሮሮ ግን ሰሚ ባይኖርም ይቀጥላል።

ወልድያ ከተማ በ2007 ዓ.ም. ከፕሪምየር ሊጉ ወርዶ በ2009 ዓ.ም. ተመልሷል፤ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከአርባ ምንጭ ከተማና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር እንደገና ወርዷል። ከተማዋ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘውን የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ያስመረቀችው በ2009 ዓ.ም. ጥር ነበር። ስታዲየሙ ግን ቡድን አይመራም፤ ደመወዝም አይከፍልም። በከተማ ስም የሚጠሩ አብዛኞቹ የአገሪቱ ክለቦች የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ ገንዘብ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሊጉ እንደ ልማዱ በጥቅምት ገደማ ይከፈታል። በጀት ማጽደቅ፣ አሠልጣኝ መቅጠር፣ ተጫዋች ማስፈረምና የቅድመ ውድድር ልምምድ ሁሉ በእነዚህ ሦስት ወራት ማለቅ አለባቸው። የመጀመሪያው እርምጃ ከዘገየ የኋለኛው ይጣበባል፤ ጥበቱም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሜዳ ላይ ይታያል። ስለዚህ በኅዳር አሠልጣኙ ላይ የሚጮኸው ደጋፊ፣ ብዙ ጊዜ የሐምሌን ጥፋት የሚከስሰው በተሳሳተ ተከሳሽ ላይ ነው። የሚሰናበተው ግን አሠልጣኙ ነው፤ አስተዳደሩ ከውሳኔዎች ሁሉ ፈጣኑና ለዓይን የሚታየው ይኸው ነውና።

ደጋፊው ቸኩሏል የሚለው የአመራሮች መልስ ከፊል እውነት አለው። በ16 ቡድኖች ሊግ እያንዳንዱ ቡድን 30 ጨዋታ ያደርጋል፤ አምስቱ ከ90 ነጥብ 15ቱን፣ ማለትም ስድስተኛውን እጅ ብቻ ይይዛሉ። አርሰናል በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሦስት ጨዋታዎቹን አንድም ግብ ሳያስቆጥር ተሸንፎ የሊጉ ግርጌ ላይ ነበር፤ አሠልጣኙን ሳያሰናብት አምስተኛ ሆኖ ጨርሷል። ልዩነቱ፣ አርሰናል ከነሐሴ በኋላ የሚከፍለው ደመወዝ አላጣም። ገንዘቡ ያልደረሰለት ቡድን በትዕግሥት ብቻ አይሻሻልም።

ይኸው የአርሰናል ምሳሌ ወደ ላስታ ያሻግራል። ከላሊበላ በጋሸና በኩል ወልድያ ወርዶ ጨዋታ አይቶ መመለስ የቀን ሥራን ያስፈታል፤ አዳርም ሊጠይቅ ይችላል። የደጋው ወጣት የቅዳሜ ሜዳ የዲኤስቲቪ ቤት ነው። የእንግሊዝ ሊግ በክረምቱ፣ በፍልሰታ ጾም አካባቢ ይከፈታል፤ ለንደን ላይ ከቀትር በኋላ በእነርሱ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት የሚጀመረው ጨዋታ በላሊበላ 11 ሰዓት ላይ ይታያል። (ከላይ በተጠቀሰው ነሐሴ ግን ከተማዋ ከሐምሌ 29 ጀምሮ በጦርነቱ ውስጥ ስለወደቀች፣ ያ የውድድር መክፈቻ ለላስታ ደጋፊ አልነበረም ማለት ይቻላል።) ይህ ደጋፊ ስለ ባለቤቶቹና ስለ ዝውውሩ የሚያነሣው ክርክር በዕውቀት ከማንም አያንስም፤ ሆኖም የሚሰማው ጎረቤቱ እንጂ ቦርዱ አይደለም። እሮሮ ነው፤ ዋጋውም አብሮ በመቆጨት ውስጥ ያለ ማኅበራዊ ዋጋ ነው።

የአገር ውስጡ ደጋፊ ከዚህ የሚለየው በቅርበቱ ነበር። በጀት የሚያጸድቀው ሹም በክቡር ትሪቡን ተቀምጦ ስድቡንም ዝማሬውንም በጆሮው ይሰማ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ግን የፕሪምየር ሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን እየተላለፉ በተመረጡ ከተሞች በየተራ መካሄድ ጀመሩ። ገቢና ታይታ መጣ፤ የከተማው ደጋፊ ግን የራሱን ቡድን እንደ አርሰናል በስክሪን የሚያይ ሆነ። ከክቡር ትሪቡኑ ትይዩ የነበረው አቤቱታ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ እሮሮ ሆነ።

የደጋፊዎች ማኅበራት ምሬቱን መልሰው አቤቱታ የሚያደርጉበት ጊዜ ካለ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በጀቱና የተጫዋቾች ዝርዝር ገና ክፍት ሳሉ። ቀጣይ ጥናት የከተማ ምክር ቤቶችን የበጀት ማጽደቂያ ቀናት ከየቡድኖቹ የመጀመሪያ አምስት ጨዋታዎች ውጤት ጋር ቢያነጻጽር፣ እዚህ የቀረበው መከራከሪያ በቁጥር ሊፈተን ይችላል።