የምድጃው በር ማሸጊያ ገመድ



በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም በፔሌት ምድጃ በር ዙሪያ ስለሚገኘው ማሸጊያ ገመድ፣ ማለት ጋስኬት ስለሚባለው ነው። ዋጋው አነስተኛ፣ ውፍረቱም ከጣት የማይበልጥ ገመድ የትምህርት ርእስ መሆኑ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። እኛም ብንሆን ባለፈው የብርድ ወራት የደረሰውን ባናይ ኖሮ ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ባልተነሣን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ አንድ ማኅበረ ምእመናን አዲስ ለሚመጡ ቤተ ሰቦች ማረፊያ የሚሆን ቤት አለው። ቤቱ የሚሞቀው በፔሌት ምድጃ ነው። በጃንዋሪ ወር፣ የሌሊቱ ብርድ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰበት ጊዜ፣ ምድጃው ሌሊት ሌሊት እየጠፋ ያስቸግር ጀመር። የበሩ መስተዋት በተጠረገ ማግሥት ይጠቁራል፤ ነበልባሉ ይደክማል፤ በአመዱም ውስጥ ያልተቃጠለ ፔሌት ይገኛል። «ፔሌቱ መጥፎ ነው» ተብሎ ሌላ ዓይነት ተገዛ፤ ሆኖም ለውጥ አልመጣም።

ከዚያም አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጭሱን ወደ ውጭ የሚገፋው ማራገቢያ ቆመ፤ ጭሱም በበሩ ጠርዝ በኩል ወደ ክፍሉ ገባ። በባትሪ የሚሠራው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ጮኸና እናትና አባት ሁለት ልጆቻቸውን ብርድ ልብስ አልብሰው ወደ ጎረቤት ወጡ። ማንም አልተጎዳም። በማግሥቱ ምድጃ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ቁራጭ ወረቀት በበሩ መካከል አስገባ፤ በሩንም ዘግቶ ወረቀቱን ሳበው። ወረቀቱ ያለ አንዳች መያዝ ወጣ። ለብዙ ሳምንታት የተፈለገው ምክንያት እዚያ ነበር።

ይህን የምንነግራችሁ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ቤቱን የሚጠብቁት ወገኖች ትጉሆች ነበሩ። ነገር ግን ስለ ገመዱ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

፩. ምድጃው እንዴት ይሠራል?

ፔሌት የሚባለው ከእንጨት መሰንጠቂያ የሚተርፈው ሰጋቱራ በብርቱ ኃይል ተጨምቆ የሚሠራ ትንሽ እንክብል ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ አሜሪካ ውስጥ 18 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ከረጢት ይሸጣል። ለቤት ማሞቂያ የሚሆነው የፔሌት ምድጃ በሰፊው መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1973 የተነሣው የነዳጅ ዋጋ መናር ሰዎች ሌላ ማሞቂያ እንዲፈልጉ አድርጓቸው ነበር።

በምድጃው ውስጥ ፔሌቱ ከማጠራቀሚያው ተነሥቶ፣ በጠመዝማዛ መጋቢ እየተገፋ፣ ጥቂት በጥቂት ወደ ማንደጃው ኩባያ ይወርዳል። አየሩ ደግሞ በኩባያው ቀዳዳዎች በኩል ከሥር ገብቶ እሳቱን ያነድዳል። ይህን አየር የሚስበው በጭስ ማውጫው በኩል ያለው ማራገቢያ ነው። ማራገቢያው ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ስለሚስብ፣ በምድጃው ሆድ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በክፍሉ ውስጥ ካለው ያነሰ ይሆናል። እንግዲህ ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ ምድጃው በደኅና የሚሠራው አየሩ በተመደበለት መንገድ ብቻ ሲገባ ነው።

እናቶቻችን ይህን ነገር ከምጣዱ ያውቁታል። አክንባሎው በምጣዱ ላይ በደንብ ካልገጠመ እንፋሎቱ ያመልጣል፤ እንጀራውም እንደሚገባው አይበስልም። ስለዚህ ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ያሽጉታል። የምድጃውም በር ብረት በብረት ላይ ሲዘጋ ብቻውን አይገጥምም፤ ክፍተቱን የሚሞላው ገመዱ ነው። ልዩነቱ፣ አክንባሎው እንፋሎት እንዳይወጣ ሲታሸግ፣ የምድጃው በር ከሁሉ አስቀድሞ አየር እንዳይገባ መታሸጉ ነው።

፪. ገመዱ ሲያረጅ ምን ይሆናል?

ገመዱ ከመስታወት ጭረት የተጎነጎነ ሲሆን ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይችላል። ይሁን እንጂ በየቀኑ በሙቀትና በበሩ ግፊት እየተጨፈለቀ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ይሳሳል፤ በመጨረሻም ከቦታው ይላቀቃል። ያን ጊዜ ሁለት ነገሮች ይደርሳሉ።

የመጀመሪያው በየዕለቱ የሚታየው ነው። አየሩ በኩባያው ሥር ማለፉን ትቶ በበሩ ክፍተት በኩል ይገባል። እሳቱ ከሥሩ አየር ሲያጣ ነበልባሉ ሰነፍና ጥቁር ብርቱካናማ ይሆናል፤ ጥቀርሻ ይበዛል፤ ፔሌቱ በሙሉ አይቃጠልም። ብዙ ከረጢት እየነደደ ቤቱ ይበርዳል። የግፊቱን መጠን የሚቆጣጠረው መሣሪያም ክፍተቱ ሲሰፋ የፔሌቱን መመገቢያ ያቆማል። ሰው ግን ምድጃው ተበላሸ ይላል።

ሁለተኛው በየዕለቱ የማይታየው፣ ስለዚህም ይበልጥ የሚያስፈራው ነው። ማራገቢያው እየሠራ ሳለ ክፍተቱ አየር ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ፣ ጭሱ አይሸትም፤ ቤተ ሰቡም በሰላም ያለ ይመስለዋል። መብራት ጠፍቶ ወይም ማራገቢያው ተበላሽቶ የቆመ ዕለት ግን ያው ክፍተት የጭስ መውጫ ይሆናል። አየር በገባበት በዚያው ቀዳዳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል።

ይህን ጋዝ በሌላ ስሙ ሁላችንም እናውቀዋለን። አገር ቤት ሳለን በከሰል ጭስ ታፍነው ስለሞቱ ሰዎች ያልሰማ ከመካከላችን ማን አለ? ብዙዎችም ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ከቀላ በኋላ ወደ ቤት ቢገባ አይጎዳም ብለው ያምኑ ነበር። ነገር ግን የሚገድለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የቀላው ፍምም ያወጣዋል። ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ስለሚጣበቅ፣ ሰውየው አየር እየሳበ ሳለ አካሉ ኦክስጅን ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ያልፋል። እዚህ በሰው አገር ምድጃው የሚያምር መስተዋትና የኤሌክትሪክ ቁልፍ ስላለው ጋዙ ሌላ አይሆንም።

፫. በወረቀት መመርመር

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። ምድጃው በቀዘቀዘበት ጊዜ አንድ ቁራጭ ወረቀት በበሩና በምድጃው መካከል አድርጋችሁ በሩን ቀርቅሩ፤ ከዚያም ወረቀቱን ሳቡ። ጠብቆ ከያዘ መልካም ነው፤ በቀላሉ ከወጣ በዚያ ቦታ ገመዱ አይሠራም። ከላይ፣ ከታች፣ በማጠፊያው በኩልና በመቀርቀሪያው በኩል፣ በየአንድ ስንዝሩ ይህን አድርጉ። በአንድ ቦታ ብቻ ሞክሮ መተው ምርመራ አይባልም፤ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በአንድ ወገን ነውና።

የአመድ ማውጫው በርና የፔሌት ማጠራቀሚያው ክዳን የየራሳቸው ማሸጊያ ካላቸው እነርሱም እንዲሁ ይመርመሩ።

፬. ገመዱን መለወጥ

1. ምድጃውን አጥፉ፤ ማራገቢያው እስኪቆም ጠብቁ፤ ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉ። ሥራው የሚጀመረው ምድጃው ሌሊቱን አድሮ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው። አመዱን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አድርጋችሁ ከቤት ውጭ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ላይ አኑሩት፤ በአመድ የተሸፈነ ፍም ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

2. በሩ ከማጠፊያው የሚነሣ ከሆነ ሁለት ሰው ሆናችሁ አንሡት፤ መስተዋቱ እንዳይሰበር በብርድ ልብስ ላይ አስተኙት።

3. አሮጌውን ገመድ ሳትጥሉ ዓይነቱን እዩ፤ ክብ ነው ወይስ ጠፍጣፋ? ውፍረቱን ግን በአሮጌው ብቻ አትለኩ፤ የተጨፈለቀ ስለሆነ ያሳስታል። ትክክለኛው ልክ በምድጃው መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ። ቀጭን ከሆነ አያሽግም፤ ወፍራም ከሆነ በሩ አይዘጋም።

4. ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጋችሁ አሮጌውን አውጡ። በቦዩ ውስጥ የቀረውን ማጣበቂያ በካቻቢቴና በሽቦ ብሩሽ ፍቃችሁ ብረቱ እስኪታይ አጽዱ። አዲስ ማጣበቂያ በአሮጌ ላይ አይዝም።

5. አዲሱን ገመድ መጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ በቦዩ ዙሪያ አስተኙ። አትሳቡት፤ የተሳበ ገመድ ይቀጥናል፤ ቆይቶም ያጥራል። አታጨናንቁትም። የምትቆርጡበትን ቦታ በፕላስተር ጠቅልላችሁ በመካከሉ ቁረጡ፤ አለዚያ ጭረቱ ይተረተራል።

6. ለምድጃ የተሠራውን ሙቀት የሚችል ማጣበቂያ በቦዩ ውስጥ በቀጭኑ አፍስሱ፤ ገመዱንም በጣት ጫን ጫን እያደረጋችሁ አስገቡ። መጋጠሚያው በማዕዘን ላይ አይሁን። ሁለቱ ጫፎች ይገናኙ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይደረብ።

7. በሩን በቦታው መልሱ፤ ገመዱ በምድጃው ላይ እንዳይጣበቅ ሰም የተቀባ ወረቀት በመካከል አድርጋችሁ ዝጉ። በማጣበቂያው ቆርቆሮ ላይ የተጻፈው ሰዓት እስኪሞላ ይቆይ።

8. ወረቀቱን አውጥታችሁ ምርመራውን እንደገና በዙሪያው አድርጉ። መቀርቀሪያው ማስተካከያ ካለው ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። የመጀመሪያው እሳት አነስተኛ ይሁን፤ ማጣበቂያው ሲደርቅ ስለሚሸት መስኮት ክፈቱ።

፭. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

በጥጥ ገመድ፣ በጨርቅ ወይም ለመታጠቢያ ቤት በተሠራ ማሸጊያ መተካት አይገባም፤ ይቃጠላል። የግፊት መቆጣጠሪያው ምድጃውን እያጠፋ ቢያስቸግር መሣሪያውን አልፎ ሽቦ ማገናኘት ከባድ ስሕተት ነው፤ እርሱ ችግሩን የሚናገር እንጂ ችግሩ አይደለም። በስጦታ የተገኘ አሮጌ የእንጨት ምድጃ ካላችሁም ተጠንቀቁ፤ ከ1980ዎቹ በፊት በተሠሩት ላይ ገመዱ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ በደረቁ አትፋቁት፤ ባለሞያ ይጠራ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አዲስ ገመድ የማስጠንቀቂያውን መሣሪያ አይተካም። በመኝታ ክፍሎች አጠገብ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይኑር፤ በየወሩም ይሞከር። ከጮኸ ምክንያቱን መፈለግ ኋላ ነው፤ አስቀድሞ ሰዎችን ማስወጣትና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ይገባል።

በዚያ በሚኒሶታው ቤት ገመዱ በአንድ ቅዳሜ ተለወጠ። አሁን ከምድጃው አጠገብ በክር የተንጠለጠለ ትንሽ ደብተር አለ፤ ማን እንደመረመረ፣ በየትኛው ቀንና በየትኛው ወገን ወረቀቱ እንደላላ ይጻፍበታል። ምርመራው የሚደረገው ብርዱ ሳይገባ በሴፕቴምበር፣ ደግሞም በጃንዋሪ ነው። የሁሉ ሥራ የሆነ ነገር የማንም ሥራ እንደማይሆን አይተው፣ አንድ ሰው በስም መድበዋል። እንግዳ ተቀብሎ አልጋ ማንጠፍ መልካም ነው፤ እንግዳው የሚተነፍሰውን አየር መጠበቅም የመስተንግዶው ክፍል ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ማራገቢያው እየሠራ ሳለ ጭስ የማይሸተን ለምንድን ነው? ይህስ ለምን ሊያዘናጋን ይችላል?

2. በእናንተ ቤት ወይም አዳራሽ የምድጃው በር መቼ ተመረመረ? የመረመረውስ ማን ነው?

3. አዲስ ለመጡ እንግዶች ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ምን ማድረግ እንዳለባቸው በሚገባቸው ቋንቋ ማን ይነግራቸዋል?

4. ከዚህ ስብሰባ በኋላ አንድ ቁራጭ ወረቀት ይዛችሁ ወደ ምድጃው ሂዱ። ያገኛችሁትን በደብተር ጻፉ።